ሰባተኛው ረድፍ

ምስጋና ሁሉን ነገር በልኩ ለፈጠረ፣ ከልክ ላለፍነውም የመመለሻውን በር ላልዘጋ ጌታ ይሁን።

በግንብ የታጠረች፣ መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ ሲደርስ በሮቿ የሚዘጉ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸይኽ ጁነይድ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ኪታብ የቀሩ፣ የሃይማኖቱን መጻሕፍት የተማሩ ሰዎች በከተማዋ አልጠፉም። የፈራኢድን ዒልም፣ ማለትም የሟችን ንብረት ለወራሾቹ በየድርሻቸው የማካፈልን ዕውቀት፣ ከሥሩ የያዙት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰው ሞቶ ለቅሶው በረድ ሲል ወራሾቹ መጥተው ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሸይኹም ሰምተው፣ አስልተው፣ ለእያንዳንዱ ሐቁን ነግረው ይሸኛሉ። ለዚህ ሥራቸው የአንድ ሎሚ ያህል እንኳ ተቀብለው አያውቁም።

አንድ የታወቀ ልማድ ነበራቸው። ሰው መጥቶ፣ "ለእኔ ሁለት እጅ ይደርሰኛል" ብሎ ሲጀምር ቀና ብለው፣ "ከስንት?" ይሉታል።

"ሁለት እጅ ነው ያልኩት፣ ሸይኻችን።"

"ሰማሁ። ከሦስት ሁለትም ሁለት ነው፤ ከሃያ ሁለትም ሁለት ነው። አንደኛው ባለጸጋ ያደርግሃል፣ ሌላው እራት አይሆንህም። ከስንት እንደሆነ ሳትነግረኝ ስንት እንደሆነ አትንገረኝ።"

ይህ ነገር በከተማዋ ተዛምቶ ሎሚ ሻጮች ሳይቀሩ ይቀልዱባቸው ጀመር። ገበያ ወጥተው "ሁለት ስጪኝ" ሲሉ፣ ሻጯ "ከስንት፣ ሸይኻችን?" ትላቸዋለች። እሳቸውም "ካለሽ ሁሉ" ብለው ይስቃሉ።

ከግንቡ ውጭ፣ ከምንጩ በታች፣ ባለቤታቸው ሸምሲያ በመህሯ፣ በጋብቻዋ ጊዜ በተሰጣት ጥሎሽ፣ የገዛችው የአትክልት ቦታ ነበር። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ሸምሲያ ቦታውን በአሥራ አራት ረድፍ ከፍላ ብርቱካን ተክላበታለች፤ ረድፎቹ በርዝመትም በዛፍ ብዛትም እኩል ነበሩ። በሰባተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ብቻ፣ በብርቱካን ፋንታ አንዲት ሮማን ቆማለች። እሷን የተከለቻት በተጋቡበት ክረምት ነው። ሸይኽ ጁነይድ ከዐስር፣ ከቀትር በኋላው ሶላት፣ በኋላ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ የሚያስቀሩት ከዚህች ሮማን ጥላ ሥር ነበር። ሸምሲያም ቦዩን እየከፈተችና እየዘጋች ትምህርቱን ከረድፎቹ መሀል ትሰማለች።

አንድ ቀን ሸይኹ፣ "አንዲት ሴት ሞታ ባልና እናት ተወች። ባል ግማሽ ይወስዳል፣ እናት ሲሶ ትወስዳለች። ሁለቱ ባንድነት ስንት ወሰዱ?" ብለው ጠየቁ።

ጨርቅ ነጋዴው ቡሽራ፣ ጢሙ መሸበት ከጀመረ በኋላ ኪታብ የያዘ ጐልማሳ ነው፤ መልስ ለመስጠት ግን ከሁሉም ይቀድማል።

"የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው" አለ። "አንድና አንድ ሁለት። ሁለትና ሦስት አምስት። ከአምስት ሁለት እጅ ወሰዱ።"

"ባልየው ብቻውን ስንት ነበረው?"

"ግማሽ።"

"ከአምስት ሁለት ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

ቡሽራ ጣቶቹን ዘርግቶ አየ። "ያው... ያንሳል።"

"እናትየዋ ተጨምራ መጥታ የሁለቱ ድምር ባልየው ብቻውን ከነበረው አነሰ። ሴትዮዋ ምን ይዛ መጣች?"

"አማቱ እኮ ናት፣ ሸይኻችን!" አለ አንዱ ከኋላ። "ከሱ ድርሻ እየበላች ነው!"

ደረሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከብርቱካኖቹ መሀል የሸምሲያ ድምፅ መጣ፦ "ቡሽራ፣ ያንተም አማት ይህን ሰምታ ጨርቅ ልትገዛ ትመጣለች! ስትለካላት ክንድህ እንዳያጥር!"

ሸይኹ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "የተለያየ ቁራሽ አይደመርም" አሉ። "ግማሽ ትልቅ ቁራሽ ነው፣ ሲሶ ትንሽ ቁራሽ። አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ድረስ ቍረሳቸው። ሁለቱንም ከስድስት አድርጋቸው። ግማሽ ከስድስት ሦስት ነው፤ ሲሶ ከስድስት ሁለት ነው። አሁን ደምር።"

"ከስድስት አምስት።"

"ይኸው ነው። ግማሽን ከስድስት ሦስት ስትለው ግማሽነቱ አልቀረም። ከአራት ሁለት ብትለው፣ ከአሥራ አራት ሰባት ብትለው እሱው ነው። ካባ ቀይሮ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሰውየው አልተለወጠም።"

እንዲህ ያሉ ቀኖች ብዙ ነበሩ። ከዚያ ሸምሲያ ታመመች። ሕመሙ ሲጸናባት ባሏን ጠርታ፣ "ሸይኽ፣ ሮማኗን አደራ። ውሃ እንዳይጠማት" አለች። "ኢንሻአላህ" አሏት። ሌላ ነገር አላወሩም። ብዙም ሳትቆይ ወደ አኺራ ሄደች።

ወራሾቿ ሦስት ነበሩ፤ ባሏ ሸይኽ ጁነይድና በእናትም በአባትም የሚገናኟት ሁለት እህቶቿ። ታላቂቱ ሰፊያ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ስል የሆነ ሴት ናት። ታናሺቱ ሙንተሃ ዝምተኛ ናት፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። ሁለቱ ባንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ባንድ እሳት ያበስላሉ። ሸይኹን ከልጅነታቸው ጀምሮ "አያ" ነው የሚሏቸው።

የለቅሶው ሰሞን ሲያልፍ የከተማዋ ቃዲ ሙዘይን ከሽማግሌዎች ጋር ወደ አትክልቱ ቦታ ወረዱ። ቃዲው የጠብና የፍቺ ነገር የሚዳኙ ሰው ነበሩ። ሚራስ፣ የውርስ ጉዳይ፣ ሲመጣባቸው ሁልጊዜ ወደ ሸይኽ ጁነይድ ይልኩት ነበር። ያን ቀን ግን ወራሹ ራሳቸው ሸይኹ ስለሆኑ፣ በሐዘናቸው ላይ ማስላት መጠየቁን ነውር አደረጉት።

"ደግሞም ነገሩ ቀላል ነው" አሉ ቃዲው። "ሚስት ልጅ ሳይኖራት ከሞተች ለባል ግማሽ ነው። የአላህ ቃል ግልጽ ነው። ከአሥራ አራት ረድፍ ሰባቱ የሸይኹ ነው።"

አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን እየነኩ፣ "ለሁለት እህቶች ከሦስት ሁለት እጅ የሚል አልነበረም?" አሉ።

"ግማሹ ከሄደ በኋላ ከሦስት ሁለት ከየት ይመጣል? የቀረውን ሰባት ይካፈሉ።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ለቀው ተስማሙ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከምንጩ ጀምሮ ሰባት ረድፍ ተቈጠረና በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ችካል ተመታ።

ሸይኽ ጁነይድ ቃዲው ተናግረው ሳይጨርሱ በልባቸው አስልተው ጨርሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድርሻ ሲያሰላ የኖረ ጭንቅላት ለሐዘን ብሎ አያርፍም። በትክክለኛው ስሌት የሳቸው ድርሻ ስድስት ረድፍ ነው። ሰባተኛው የእህቶቹ ነው። ይህን ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ዐይናቸው ግን ችካሉን አልፎ ሮማኗ ላይ ዐረፈ። ሮማኗ ከችካሉ ወዲህ፣ በሳቸው በኩል ነበረች። ደረሶቹ የሚቀመጡበት ምንጣፍ ቦታውን አስጊጦታል። ግንዱ ላይ ሸምሲያ ስትቆም የምትደገፍበት ጐን ለስልሷል።

አፋቸውን ዘጉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለራሳቸው ብዙ መልስ አዘጋጁ። አልጠየቁኝም። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ግማሽ ተብሎ በቁርኣን የተነገረውን ነው የያዝኩት፣ ከዚያ አላለፍኩም። ደግሞ አደራ አለብኝ፤ ሮማኗን ሌላ ሰው እጅ ላይ እንዴት እጥላታለሁ? መልሶቹ ሁሉ መልካም ነበሩ። መልካም መልስ ሲበዛ ግን ጥያቄው አለመዘጋቱን የሚያውቁ ሰው ነበሩና አላረፉም።

ትምህርቱ ቀጠለ። ኪታቡን ባብ በባብ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ እያገላበጡ ከዐውል ባብ ደረሱ። ዐውል ማለት የወራሾች ድርሻ ተደምሮ ከሙሉው ንብረት በልጦ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የተጻፈበት ነው። ሸይኹ ገጹን ለአፍታ አዩትና ሁለት ሦስት ቅጠል ባንድ ላይ ገለበጡ። ቀጥሎ ካለው ባብ ማስቀራት ጀመሩ።

"ሸይኻችን፣ አንድ ባብ ዘለልን" አለ ቡሽራ።

"እንመለስበታለን።"

"ዘለው አያውቁም እኮ።" ቡሽራ እንደ ድሮው ሊያስቃቸው ፈለገ። "ነው ወይስ እዚያ ውስጥ አማት አለች?"

ማንም አልሳቀም። ሸይኹ ኪታቡን ዘጉና የዕለቱ ትምህርት አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሰው ድርሻ ሊያስሰላ ሲመጣ ያች "ከስንት?" የምትል ቃላቸው እንደ ወትሮው ቀድማ አትወጣም ነበር። ሰዎች፣ ሐዘን ጐዳቸው አሉ።

ብርቱካኑ መቅላት ሲጀምር ሰፊያና ሙንተሃ ሸይኹ ዘንድ መጡ። የመጡት ባንድ መንገድ ነው፤ ግን አንዷ ከፊት፣ ሌላዋ ራቅ ብላ ከኋላ። ለሸይኹ ሰላምታ ሰጡ፤ እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

"አያ፣ ይፍረዱን" አለች ሰፊያ ገና ሳትቀመጥ። "የአሥራ አንደኛው ረድፍ ነገር ነው። ሰባት ለሁለት ሦስት ተኩል ነው ብለው ሄዱ ሽማግሌዎቹ። ሦስቱንስ አገኘሁ፤ ያቃጠለችኝ ተኩሏ ናት። እሷ ውሃ የሚገባበትን ጫፍ ይዛ እኔን ደረቁ ላይ ጣለችኝ።"

"ቀድሜ ስለደረስኩ ነዋ" አለች ሙንተሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

"ይሰማሉ፣ አያ? ግድግዳውን ነው የምታናግረው።"

"ግድግዳው ይሻለኛል። ሳልጨርስ አይመልስልኝም።"

"ገመድ ወጠረች" ቀጠለች ሰፊያ። "ገመዱ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? መሀለኛዋ ብርቱካን ግንድ ላይ። እና ዛፏ በማናችን ስም ታፍራ? በመጋዝ እንሰንጥቃት? በቀደም ልጇ የወደቀ ፍሬ አነሳ ብዬ ተናገርኩ። እኔ! የእህቴን ልጅ! አፌ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም።"

ሙንተሃ አሁንም ከግድግዳው ሳትዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እሳቱንም ለየን፣ አያ" አለች። "አሁን ከግቢያችን ሁለት ጭስ ነው የሚወጣው።"

ሸይኹ በልማድ፣ ሳያስቡት፣ "ሦስት ተኩል ነው ያልሽው፣ ሰፊያ። ከስንት?" አሉ።

"ከስንትማ ከአሥራ አራት ነዋ። ሰባቱ የርስዎ ነው፤ እሱ ላይ ምን ቃል አለን? በርስዎ በኩል ያለው እንኳ ልኩ የታወቀ ነው። ከተማው ሐቅን የሚማረው ከርስዎ አይደል?"

ሸይኹ መሬት መሬት አዩ። ለዚህ ጠብ የሚሆን ፍርድ ምላሳቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዘንድሮ አንቺ የውሃውን ጫፍ ያዢ፣ ከርሞ አንቺ፤ የመሀለኛዋን ዛፍ ፍሬ በቅርጫት ተካፈሉ። ያማረ ፍርድ ነው። ሁለቱም አመስግነው ይሄዱ ነበር። ነገር ግን ያች ተኩል ከየት እንደመጣች ከሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰባተኛው ረድፍ ከቦታው ቢሆን ኖሮ እህቶቹ ስምንት ነበራቸው፤ ለያንዳንዷ አራት፣ ሙሉ በሙሉ። ገመድም አያስፈልግም ነበር።

"ነገ ከዐስር በኋላ ከአትክልቱ ቦታ ኑ" አሉ። "ቃዲውን እኔ እጠራቸዋለሁ።"

"ለአንድ ረድፍ ቃዲ?" አለች ሰፊያ።

"ለአንድ ረድፍ ነው" አሉ ሸይኹ።

በማግስቱ ቀደም ብለው ወረዱ። በማሰሮ ውሃ ከምንጩ ቀድተው ሮማኗን አጠጧት። ፍሬዋ መሰንጠቅ ጀምሯል። አንዱን ሊቈርጡ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። ለሶላት ተጣጥበው ውዱእ አደረጉ፣ ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ግንባራቸውን መሬት ያስነኩበት ሱጁድ ረዘመ። ሲነሡ ግንባራቸው ላይ የዚያ ረድፍ አፈር ነበር፤ ሳያራግፉት ተቀመጡ።

ከዐስር በኋላ ደረሶቹ መጡ፣ ቃዲው መጡ፣ እህቶቹም መጥተው ለየብቻ ተቀመጡ።

"የዘለልነውን ባብ ዛሬ እንቀራለን" አሉ ሸይኹ። "ቡሽራ፣ አንተ አስላ። ሟች ሴት ናት። ባልና ሁለት እህቶች ትታለች፤ እህቶቹ በእናትም በአባትም የሚገናኟት ናቸው። ልጅ የላትም፣ ወላጅ የላትም፣ ወንድም የላትም። ለባል?"

"ግማሽ።"

"ለእህቶች?"

"ለሁለቱ ባንድነት ከሦስት ሁለት እጅ።"

"ደምር።"

ቡሽራ በዚህኛው አልቸኮለም። "ቁራሹን አንድ ዓይነት ላድርገው" አለ። "ከስድስት። ግማሽ፣ ከስድስት ሦስት። ከሦስት ሁለት፣ ከስድስት አራት። ሦስትና አራት..." ቆመ። "ሸይኻችን፣ ተሳሳትኩ። ሰባት መጣብኝ። ከስድስት ሰባት ይወጣል እንዴ?"

"አልተሳሳትክም።"

"ከሙሉው የሚበልጥ ድርሻ አለ?"

"በስሌት አለ። ግማሽና ከሦስት ሁለት ስትደምር ከአንድ ያልፋል፤ ቁጥሩ አይከለክልህም። መሬቱ ግን ለኛ ድምር ብሎ አይሰፋም። ስድስት ካለህ ሰባት አትሰጥም። ታዲያ ማን ይጉደል?"

ቃዲ ሙዘይን ጣልቃ ገቡ። "የባል ግማሽ በግልጽ የተነገረ ነው።"

"የእህቶችም በግልጽ የተነገረ ነው፣ ቃዲ፤ ያውም በዚያው የቁርኣን ሱራ ውስጥ። ያን ቀን አንዱን አነበብንና ሌላውን አጠፍነው።"

"እንግዲያው ማን ይጉደል?" አለ ቡሽራ።

"ሁሉም። እያንዳንዱ በድርሻው ልክ። ሙሉውን ከስድስት ማድረግ ትተን ከሰባት እናደርገዋለን። ለባል ሦስት፣ ለአንዷ እህት ሁለት፣ ለሌላዋ ሁለት። የማንም ቁጥር አልተነካም፤ ቁራሹ ነው ለሁሉም እኩል ያነሰው። ከቀደምቶቹ ጀምሮ ዑለማው የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። አሁን አሥራ አራት ረድፍ ለሰባት አካፍል።"

"ሁለት ሁለት።"

"ለባል?"

"ሦስት ጊዜ ሁለት፤ ስድስት። ለእህቶቹ አራት፣ አራት።" ቡሽራ ይህን ብሎ ዐይኑ ወደ ችካሉ ሄደ። ከምንጩ በኩል ረድፎቹን በዐይኑ ቈጠረ። ድምፁ ወረደ። "ሸይኻችን... ችካሉ እኮ..."

"ከሰባተኛው ቀጥሎ ነው። አውቃለሁ። ባልየው እኔ ነኝ።"

ቃዲው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጥፋቱ የሳቸውም ነበርና። ቢሆንም ደግ ሰው ስለነበሩ ለወዳጃቸው መውጫ ፈለጉ።

"ያን ቀን ሐዘን ላይ ነበሩ፣ ሸይኽ" አሉ። "አላስተዋሉም። ሰው ነን፣ ይረሳል።"

"ቃዲ፣ አላህ ይዘንልዎት፣ ይህን በር አይክፈቱልኝ። አስተውዬ ነበር። እርስዎ ተናግረው ሳይጨርሱ አውቄው ነበር።" ወደ እህቶቹ ዞሩ። "ሰፊያ፣ ሙንተሃ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ሐቃችሁ እኔ ዘንድ ከርሟል።"

ተነሥተው ችካሉን በእጃቸው ነቀሉት። ቡሽራ ሊያግዛቸው ቢመጣ አልፈቀዱለትም። በስድስተኛውና በሰባተኛው ረድፍ መካከል ወስደው በድንጋይ መቱት። ሮማኗ ከችካሉ ወዲያ ሆነች። ደረሶቹ የተቀመጡበት ምንጣፍም ወዲያ ሆነ፤ አንዳቸው ሳይነገራቸው ተነሥተው ጠቀለሉት።

ሙንተሃ ረድፎቹን በጣቷ እየቈጠረች ነበር። "እኔ አራት፣ እሷ አራት" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እህቷ እያየች። "ተኩሏ የት ሄደች?"

"ተኩል አልነበረችም" አሉ ሸይኹ። "እኔ ነበርኩ።"

ሰፊያ የሻሿን ጫፍ ዐይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉት ረድፎች የሷ ስለነበሩ ሰባተኛውም በሷ በኩል የሚደርስ መሆኑን ሁሉም ዐይቷል። "አያ" አለች በመጨረሻ፣ "ይቺ የሸምሲያ ሮማን ናት። ይኸው ሰው ይስማኝ፣ ረድፉን ወድጄ ሰጥቼዎታለሁ። ለርስዎ ይሁን።"

"አላህ ይስጥሽ። አሁን የምትሰጪኝ ግን አንቺ አይደለሽም፤ ሰው ፊት የያዘሽ ሐያእ፣ ይሉኝታ ነው። በሐያእ የወጣ ነገር ለተቀባዩ አይባረክም።"

"እንግዲያው ምን ላድርግልዎ? ዝም ብዬ ልሂድ?"

"ውሃ ላጠጣት ፍቀጂልኝ።"

"የሰው ዛፍ?" አሉ ቃዲው።

"አደራ የተባልኩት ውሃውን ነበር" አሉ ሸይኹ። "ፍሬውን አልነበረም፤ ጥላውንም አልነበረም። እኔ ነኝ ቀላቅዬው የከረምኩት።"

ሰፊያ ከእንባዋ መሀል ሳቅ መጣባት። "ያጠጡ፣ አያ። ብቻ ሲያጠጡ እግረ መንገድዎን ብርቱካኖቼንም አይርሱ። እነሱስ የማን ልጆች ናቸው?"

ሰዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ቡሽራ፣ "ሸይኻችን፣ ባቡን የምንይዝበት አንድ ቃል ይንገሩን" አለ።

ሸይኽ ጁነይድ እጃቸው ላይ ያለውን አፈር እያራገፉ እንዲህ አሉ፦

"ሙሉው ጠቦ ሳለ ድርሻው ሳይነካ የወጣ ሰው፣ የሌላውን ይዞ ወጥቷል።"

ያን ዕለት ሁለቱ እህቶች ወደ ከተማ የተመለሱት ጐን ለጐን ነበር። መግሪብ ሊደርስ ሲል ከግቢያቸው የወጣው ጭስ አንድ እንደነበረ ጐረቤቶች አይተዋል።

የሸይኹን ንግግር ትርጕም ለማወቅ ፈራኢድ መቅራት አያስፈልግም። ሸይኹ ያን የመጀመሪያ ቀን አንድም ውሸት አልተናገሩም። የማንንም ዛፍ አልቈረጡም፣ የማንንም ድንበር አልገፉም። ግማሽ ተሰጣቸው፣ ግማሹን ያዙ። ቢጠየቁ ኖሮ እውነቱን ይናገሩ ነበር፤ ያልጠየቋቸው ደግሞ ስላከበሯቸው ነው። ብዙዎቻችን ሐቅ የሚበላው በሚሰርቅ እጅ ብቻ ይመስለናል። በጐደለ ነገር መካከል ድርሻችንን ሙሉ አድርገን ስንወጣ፣ ጐደሎው ወዴት ሄደ ብለን ዞር ብለን አናይም። ጐደሎ ግን አይጠፋም። አንዱ ላይ ካልወረደ ሌላው ላይ ይደረባል፤ ብዙ ጊዜም የሚደረበው ማስላት በማይችለው ላይ ነው። ያ ሰው ከየት እንደመጣበት ስለማያውቅ አጠገቡ ካለው ወንድሙ ወይም እህቱ ጋር ይጣላል። እኛም ለሽምግልና እንጠራና በመካከላቸው እንፈርዳለን፣ እንመሰገናለን።

በቤትም፣ በጐረቤትም፣ በአባት ውርስም፣ ባንድ ማዕድ ዙሪያም "ስንት ደረሰኝ?" ማለት ይቀላል። ሸይኹ ለሌላው ሰው ሲያቀርቧት የኖሩት ጥያቄ ከምላስ የምትከብደው ወደ ራስ ስትዞር ነው። የደረሰኝ ከስንት ነው? የቀረውስ ማን ላይ ቀረ?

አላህ ለሸይኹ ረዥም ዕድሜ ሰጥቷቸው ነበር። ደረሶቹ ትምህርታቸውን በስድስተኛው ረድፍ ቀጥለው፣ ጥላው ስስ ስለነበረ ፀሐይ እየተከተለቻቸው ይቀሩ ነበር። ሸይኹም ከትምህርቱ በፊት ማሰሮ ይዘው ከምንጩ ይወርዳሉ። ችካሉ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ የሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ "ቢስሚላህ" ብለው ይሻገራሉ። ሮማኗን አጠጥተው፣ የሰፊያንም ብርቱካኖች አጠጥተው፣ ባዶውን ማሰሮ ይዘው ወደ ድርሻቸው ይመለሳሉ።